ያልተፈታው ኪስ

የአንድ ወንድ የሸሚዝ ቁልፍ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከወለቀ ችግሩ ከቁልፉ አይደለም። ይህን የምለው ስለ ወንድ አውቃለሁ ብዬ አይደለም፤ ስለ ወንድማ ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያ ባሌን አላገባም ነበር። ስለ ቁልፍ ግን አውቃለሁ። እኔ የሰፋሁት ቁልፍ በመቀስ ካልተቆረጠ አይወልቅም። ሸሚዙ ያረጃል፣ ለባሹም ያረጃል፣ ቁልፉ ግን እዚያው ነው።

ባለሳጥኑ ሰኞ አንድ፣ ረቡዕ አንድ፣ አርብ አንድ ቁልፍ በመዳፉ ይዞ ማሽኔ ፊት ይቆማል። "ደግሞ ወለቀ" ይላል፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ አንገቱን ሰብሮ። ክሩን አየዋለሁ፤ በመቀስ የተቆረጠ ነው፣ ያውም ባልተሳለ መቀስ። "ይኼ ሸሚዝ ጠላት አለው" እለዋለሁ። የማሽን ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እሱ ብቻ አይስቅም፤ ዓይኑን ከእጄ ላይ ሳይነቅል ቁልፉ እስኪሰፋ ይጠብቃል። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ የሁለት ደቂቃውን ሥራ ሩብ ሰዓት አስፈጀዋለሁ።

ባለሳጥኑ ያልነው ከሞተር ብስክሌቱ ኋላ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ስለማይለየው ነው። ሥራው ከየጤና ጣቢያው የደም ናሙና ሰብስቦ ቤተ ሙከራ ማድረስ፣ ውጤቱን ደግሞ በታሸገ ፖስታ መመለስ ነው። የማን ደም እንደሆነ አያውቅም፤ ሁሉም ነገር በቁጥር ነው። ችግሩ ሥራው አይደለም፣ የማን ልጅ መሆኑ ነው። የእትዬ ልጅ ነው። እትዬ ማለት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምንሰፋበት የዚህ ቤት፣ የሃያ ሁለቱ ማሽኖችና የሕንፃው ባለቤት ናቸው። አንድዬ ልጃቸው ድርጅቱን ይረከበኛል ብለው ሲጠብቁ ሞተር ላይ ወጣባቸው። ይኼ አንሶ ደግሞ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ሆዷ የገፋ ልብስ ሰፊ ፊት ቁልፍ ይዞ መቆም ጀመረ።

እትዬ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የሰው ልጅ በሆድሽ ይዘሽ የሰው ልጅ ልትወስጂ?" አሉኝ። እኔ! በአንድ ትንፋሽ ስምንት ነገር የማወራዋ ሴት፣ ወደ ማሽኔ ተመልሼ አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

እትዬ ግን የሚያውቁት ግማሹን ብቻ ነበር።

ሌላው ግማሽ ይኸውላችሁ። በአራተኛው ወር የእርግዝና ክትትል ስጀምር አዋላጇ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ደሜን መርምራ ቫይረሱ እንዳለብኝ ነገረችኝ። የዚያኑ ቀን ለባሌ ነገርኩት። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ምላጩን እንኳ አልረሳም፤ የረሳው እኔንና ሆዴን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መድኃኒት እወስዳለሁ። "በየቀኑ" ማለት አፍ ላይ ቀላል ነው። ያኔ ጤና ጣቢያው እኛን የሚያየን ሐሙስ ብቻ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች ክፍል፣ ቢጫ ካርድ አስይዞ ነበር። ቢጫ ካርድ ይዞ ወደ መጋዘኑ የታጠፈ ሰው ምን እንዳለበት ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። ወረፋው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ቀኔ ይቃጠላል። ክኒኑ ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ ስለሆነ ቦርሳዬን ይዤ ስራመድ እንደ ሕፃን መጫወቻ ይንሿሿል። የዩኒፎርም ወቅት ሲደርስ ሁለት ሐሙስ ቀረሁ።

ሲስተር ስትደውል ልትቆጣኝ መስሎኝ ቀድሜ ተቆጣኋት። ወረፋውን፣ ቢጫውን ካርድ፣ የዘበኛውን አስተያየት፣ የሚንሿሿውን ጠርሙስ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ "ቆይ፣ እስክሪብቶ ላምጣ፤ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ" አለች። እንዲህ ያለች ሰው ናት። ሌሎቹንም እናቶች አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ገበያ ላይ የምትውለዋ የራሷ ችግር ነበራት፣ ሰው ቤት የምትሠራዋ የራሷ፣ ከአማቷ ጋር የምትኖረዋማ አይወራ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቢጫው ካርድ ቀረ። ነፍሰ ጡሯም፣ አራሷም፣ ልጇን ለክትባት ያመጣችውም አንድ ዓይነት ካርድ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ በር ሆነልን። ሥራ ያለን ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ታይተን ለሥራችን እንደርሳለን። እናትና ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ይታያሉ። መድኃኒቱ የሦስት ወር በአንዴ ይሰጠናል። ለጠርሙሱ ደግሞ እኔ ራሴ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ከረጢት ሰፋሁ፤ እሱ ውስጥ ገብቶ ገመድ ቢዘሉም ትንፍሽ አይልም። ሲስተር ከረጢቱን እያገላበጠች፣ "ስንት ዓመት ሁላችሁንም በአንድ ልክ ስቆርጥ ኖርኩ፣ ልብስ ሰፊ ሳላማክር!" አለች።

ልወልድ አንድ ወር ሲቀረኝ ደሜ ታየ። ቫይረሱ መሣሪያው ሊያየው እስከማይችል ድረስ ወርዶ ነበር። ሲስተር ከወንበሯ ተነስታ አቀፈችኝ፤ ሆዴ መሃላችን ገብቶ አልመች ቢለንም ተቃቀፍን።

የጃኬቱ ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ባለሳጥኑ ቁልፍ መቁረጡ ሰልችቶት ይሁን ሸሚዞቹ አልቀውበት፣ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ገዝቶ መጣና "ልኬን ውሰጂ" አለኝ። የወንድ ልክ ስወስድ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ተሳስቼ አላውቅም። የዚያን ቀን የትከሻውን ስፋት ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር ወጣ። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ ሳዞር፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጎንበስ ብሎ፣ "ከወለድሽ በኋላ ላገባሽ እፈልጋለሁ" አለኝ። "አሁን አትመልሺልኝ። ጃኬቱ ሲያልቅ ትነግሪኛለሽ" ብሎ ሄደ።

እንዴት ብዬ ልንገረው? አንድ ጊዜ በአፌ ተናግሬ ሻንጣ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ጻፍኩለት።

"ከማግባትህ በፊት እወቀኝ። በደሜ ውስጥ ቫይረሱ አለ። አሁን መድኃኒቴን አንድም ቀን ሳልዘል እወስዳለሁ፣ ቫይረሱም በምርመራ እስከማይታይ ወርዷል፤ ሐኪሞቹ ልጄ በደህና የመወለድ ተስፋው ትልቅ ነው ይሉኛል። ባሌ የሄደው ይህንኑ በነገርኩት ማግስት ነው። አንብበህ ብትቀር አልቀየምህም። ከመጣህ ግን ስለዚህ ነገር አታንሳብኝ፣ አትጠይቀኝ። ዝም ብለህ ና። ዝምታህን እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ።"

ወረቀቱን አጣጥፌ በጃኬቱ የውስጥ ደረት ኪስ ከተትኩትና ጃኬቱን ከሚጠናቀቁት ልብሶች ጋር ሰቀልኩት። በማግስቱ የወሊድ ዕረፍት ወጣሁ። በዘጠነኛው ቀን ወንድ ልጅ ወለድኩ። ሲስተር ገና እምብርቱ እንደታሰረ "ድምፁ አንቺን ነው" አለችኝ፤ ጩኸቱ ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር።

ልጄ በተወለደ በአሥረኛው ቀን የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ባለሳጥኑ ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል፤ በአንድ እጁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ በሌላው አንድ ካርቶን ሳሙና። አንድ ወንድ ከዚያ በላይ አምሮበት አይቼ አላውቅም።

"ሁሉን አውቀህ ነው የመጣኸው?" አልኩት።

"ሁሉን አውቄ ነው" አለ፣ ሳፋውን ደረቱ ላይ እንደያዘ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እማም ጠይቃኛለች፣ ጓደኞቼም ጠይቀውኛል። እርግጠኛ ነኝ። ሳፋው እየከበደኝ ነው፣ ልግባ?"

ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አላነሳም። ያልኩትን ጠበቀ ብዬ አመንኩ። እያንዳንዷ ዝምታው ለእኔ የተጻፈች ደብዳቤ ሆነች። ቫይረሱ እንዳይይዘው ለልጄ የታዘዘለትን ሽሮፕ ከጠርሙስ ስቀዳ ያየኛል፣ አይጠይቅም። ከጠርሙሱ ላይ ጽሑፉን ልጬዋለሁ፤ እሱንም አይጠይቅም። አንድ ቀን እጄ ሳሙና ላይ ሳለ ራሱ አጠጣው፤ ልጄ ግማሹን ጃኬቱ ላይ ተፋበት። ጨዋነቱ ልቤን ሰረቀው፤ እንዲህ ያለ ወንድ አለ ለካ፣ ሰውን የሚያቆስለውን ነገር አውቆ የማይነካ! እጄን ይይዛል፣ ከዚያ አያልፍም። የኪራይ ቤት አብረን አየን። መስኮቱ ትልቅ ስለነበር ማሽኔን የት እንደማደርግ በእርምጃ ለካሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ዘፍኜ አላውቅም፣ ድምፄን የሰሙ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ።

ልጄ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ሲስተር ተረከዙን በመርፌ ነካ አድርጋ አምስት ጠብታ ደም ካርድ ላይ አሳረፈች። ሲደርቅ ቁጥር ጽፋበት ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ባለሳጥኑ እንደ ሁልጊዜው መጣ፣ ፖስታዎቹን ሰበሰበ፣ አግዳሚው ላይ ካሉት እናቶች መሃል ፈልጎ ጠቀሰኝና ሄደ። የልጄን ደም አውቆ የተሸከመው መሰለኝ። ስላወቀ ቀስ ብሎ የነዳ መሰለኝ።

ውጤቱ በአራት ሳምንት ይመጣል ተባልኩ። እኔ ሥራ ተመለስኩ፤ ልጄን ከማሽኔ አጠገብ ለስላሳ ቁርጥራጭ በተሞላ ካርቶን አስተኝቼ እሠራለሁ። እትዬ ይህን የፈቀዱት "ለሥራው ስል ነው" ብለው ነው። አንድ ጊዜ ግን ማንም አያየኝም ብለው ጎንበስ ብለው አፍንጫውን ሲነኩት አይቻቸዋለሁ። አላየሁም ብዬ ክሬን ቀጠልኩ።

ውጤቱ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ፣ ባለሳጥኑ ጃኬቱን ይዞ መጣ። የሳጥኑ ማንገቻ ብብቱ ላይ ገዝግዞ ገበሩን ቀዶታል። "ይኼን እንኳ እኔ አልቀደድኩትም" አለ። "ታይቶ ይፈረዳል" አልኩት። እሱ ካርቶኑ ጋ ተቀምጦ ከልጄ ጋር በማይገባኝ ቋንቋ ማውራት ጀመረ፤ እኔ ጃኬቱን ገለበጥኩ።

የውስጡ ኪስ ተወስውሷል።

የኛን ሥራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አዲስ ኮት ወይም ጃኬት ከስፌት ቤት ሲወጣ ኪሱ ቅርፁ እንዳይበላሽ አፉ በነጭ ክር በሰፋፊው ይወሰወሳል። ገዢው ቤቱ ሲደርስ ክሩን ስቦ ይፈታዋል። ይህን የምትሠራው አሳራጊ ናት፤ እያንዳንዱን ልብስ በመጨረሻ የምትነካው እሷ ስለሆነች ነው እንደዚያ ያልናት። ዓይኗ ደክሟል፣ እጇ ግን ራሱን ችሎ ይሄዳል። ነጩ ክር እንዳለ ነው፤ አልተሳበም፣ አልተነካም። በጣቴ ዳበስኩት። ከክሩ ሥር ወረቀቱ ኮሽ አለ።

አላነበበም። ያ ሁሉ ዝምታ ዝምታ አልነበረም። ሁሉን አውቄ ነው ያለኝ ስለ ሄደው ባሌ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ እናቱ ቁጣ ነው። የሚያውቃት ሴትዮ እኔ አይደለሁም።

እውነቱን ልናገር፤ የስፌት መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ክሩን ብስበው፣ ወረቀቱን አውጥቼ ከቁርጥራጩ ጋር ብቀላቅለው ማንም አያውቅም። ካርቶኑ ጋ እየሳቀ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ቤቱን መርጠናል፤ መስኮቱ ትልቅ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል በልቤ ሌባ ሆንኩ። ከዚያ ልጄን ከፍ አድርጎ ሲስመው አየሁት፤ ሳያውቅ የሰጠኝን ይዤ ልኑር ብል በሳቀልኝ ቁጥር እንደማፍር ገባኝ።

"ና ወደ መተኮሻው ክፍል" አልኩት።

በሩን ገፋ አድርጌ ጃኬቱንና መፍቻውን ሰጠሁት። "ይኼን ኪስ ፍታው።"

"ይኼ ኪስ ነው እንዴ? የማስመሰያ መስሎኝ ነበር እኮ!"

"ፍታው።"

ፈታው። ወረቀቱን አወጣው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ መሃል ላይ ከንፈሩ ቆመ። ጨርሶ ወደ ላይ ተመልሶ ደግሞ አነበበ። በሕይወቴ ከዚያ የረዘመ ጊዜ የለም፤ ምጤን ጨምሮ።

"መቼ ነው የጻፍሽው?"

"ልወልድ ዘጠኝ ቀን ሲቀረኝ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ..."

"እስከ ዛሬ ያነበብከው መስሎኝ ነበር። ሳፋ ይዘህ ስትመጣ መልስህ እሱ መስሎኝ ነበር። ስትስቅ፣ ሽሮፕ ስታጠጣው፣ ሳትጠይቀኝ ስትቀር፣ ሁሉም መልስ መስሎኝ ነበር። የልጄ የደም ውጤትም ነገ ጠዋት በአንተ እጅ ነው የሚመጣው።"

በተቆለሉት ዩኒፎርሞች ላይ ቁጭ አለ። "እንግዲያው በልብሽ ስታመሰግኚው የከረምሽው ሰው እኔ አይደለሁም" አለ ቀስ ብሎ። "እሱ አንብቦ የመጣ ሰው ነው። እኔ ምንም ሳላውቅ ነው ጎበዝ የሆንኩት።"

"እኔ አልዋሸሁህም።"

"አልዋሸሽም። እሱማ ገብቶኛል።" ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ያለውን ማንበብ አቃተኝ። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየና ብድግ አለ። "ሳጥኑ ... በረዶው ሳይሟሟ መድረስ አለብኝ። ቤተ ሙከራው በአሥር ሰዓት ይዘጋል።"

"ሂድ" አልኩት።

"መሄድ ስላለብኝ ነው ..."

"ሂድ አልኩህ!"

ደብዳቤውን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ ያልተሰፋውን ጃኬት አጥልቆ ወጣ። የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ሰማሁት። ጆሮዬ እኮ ሌላ ድምፅ ሳይሆን ሻንጣ ሲዘጋ ነው የሰማው።

አሳራጊ ብቅ ብላ ፊቴን አይታ ደነገጠች። ነገሩን ስነግራት፣ የደብዳቤውን ይዘት ሳይሆን መኖሩን፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወይኔ ልጄ! ወረቀት ነበር እንዴ? ማጠንከሪያ አስገብታበታለች ብዬ እኮ አደነቅኩሽ!" አለች። እያለቀስኩ ሳቅ አመለጠኝ፤ እሷም እየሳቀች አለቀሰች፣ ምን እንደሚያስለቅሰን ሳታውቅ።

ቤቴ ገብቼ ልጄን አጠብኩት፣ አጠባሁት፣ ሽሮፑን ሰጠሁት። ሰዓቴ ሲደርስ ክኒኔን ከከረጢቱ አውጥቼ ዋጥኩ። ሰው ሄደ ተብሎ አይዘለልም። ያን ቀን ግን እንደ ድንጋይ ነበር የወረደው።

በማግስቱ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ሰባት እናቶች ነን፤ ማን ለክትባት፣ ማን ለመድኃኒት እንደመጣ ፊታችን ላይ አልተጻፈም። ልጄን ታቅፌ ሁለት ጸሎት በአንዴ እጸልይ ነበር፤ የመጀመሪያው ለልጄ ነው፣ ሁለተኛውን ለመናገር አፈርኩ። ሞተሩ ሲመጣ ሁላችንም ሰማነው።

ባለሳጥኑ ገባ። ፂሙን አልተላጨም፤ ብብቱ የተቀደደውን ጃኬት ለብሷል። ሌላ ጊዜ ፖስታዎቹን በመስኮቱ ሰጥቶ ይሄዳል። ዛሬ ቦርሳውን በሁለት እጁ አቅፎ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ሲስተር" አለ ወደ በሩ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ፣ "ፖስታዎቹን እንኪ። ግን የእሷን ሁለት ደቂቃ አቆዪልኝ።" ከዚያ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። "ይኼን መጀመሪያ አንብቢ። ውጤቱ ከመከፈቱ በፊት። እለምንሻለሁ፣ በፊት።"

ልጄን ተቀበለኝ። ወረቀቱን ከፈትኩ።

"ደብዳቤሽን ስድስት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ፊት ያነበብኩት አይቆጠርም፤ ፊደሎቹ ይሸሹኝ ነበር። ቤተ ሙከራው ደጅ ቆሜ ሳነብ ፈራሁ። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ፈራሁ። ቀጥሎ የፈራሁት ምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ መልሱን አላውቀውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ደም ተሸክሜ ስሮጥ፣ አንድ ቀን ቆሜ አልጠየቅኩም። ስለዚህ ገብቼ የቤተ ሙከራዋን ልጅ ጠየቅኳት፤ ስምሽንም ምልክትሽንም አላነሳሁም። ሳቀችብኝ። መድኃኒቷን በሥርዓት የምትወስድ፣ ደሟ ውስጥ ቫይረሱ የማይታይ ሴት ለትዳር ጓደኛዋ አታስተላልፍም አለችኝ። ደስ አለኝ። ግን ይህን ባትለኝም መልሴ ያው ነበር፤ ጥያቄዬ ብቻ ይበዛ ነበር።

የቆጨኝ ሌላ ነው። አንቺ ይህን ሁሉ ጊዜ ከአንድ አስተዋይ ሰው ጋር ስትኖሪ ከረምሽ፣ ሰውዬው ግን እኔ አልነበርኩም። ቀናሁበት። አሁን በእሱ ቦታ መግባት እፈልጋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ አይሆንልኝም። ዝም በል ያልሽውን አልችልም። ክኒንሽን ስትውጪ ውኃውን ላቀብልሽ እፈልጋለሁ። ስትፈሪ ልሰማ እፈልጋለሁ። ለሌላ ሰው ግን አንቺ ካልፈቀድሽ ከአፌ አይወጣም፤ ለእማም ቢሆን። እማን ለእኔ ተዪልኝ፣ ኩርፊያዋ ከሦስት ቀን አልፎ አያውቅም።

ዛሬ ይህ ቦርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደኝ። አንዱ ፖስታ የልጃችን መሆኑን አውቄ ነው የምነዳው። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ አላውቅም። መልሴ ከእሱ በፊት እንዲደርስሽ የፈለግኩት ለዚህ ነው። ደህና ከሆነ አብረን ደስ ይለናል። ካልሆነም አብረን እናሳክመዋለን፣ ያድጋል፣ እንደ አንቺ ይጮሃል። በሁለቱም አለሁ።"

"ልጃችን" የምትለዋን ቃል ሳነብ ዓይኔ ተጋረደ። ቀና ስል ፊቴ ቆሞ ልጄን ግራ በተጋባ አኳኋን ያወዛውዛል፤ የሚያወዛውዘው ግን ራሱን እንጂ ልጁን አልነበረም። ስድስቱም እናቶች ወሬያቸውን ትተው ያዩናል።

"ምን አለሽ?" አለች አንዷ፣ ትዕግሥቷ አልቆ።

"ጃኬትህን ካልሰፋሁልህ አላገባህም" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ፊቱ በራ። እናቶቹ ምኑም ሳይገባቸው እልል አሉ። ሲስተር ከበሩ ላይ "እዚህ ጤና ጣቢያ ነው!" ብላ ጮኸች፣ እየሳቀች ግን ነው። "ግቡ በሉ። እሱም ይግባ?" ብላ ወደ እኔ አየች፤ ያለ እኔ ፈቃድ እንደማታስገባው ዓይኗ ይናገራል።

"ይግባ" አልኩ፣ ልጄን ከእጁ ተቀብዬ።

በሩ ተዘጋ። ሲስተር ፖስታውን ቀደደች። ቁጥሩን ከካርዴ ጋር አመሳከረች፤ ደግማ አመሳከረች። ባለሳጥኑ እጄን ያዘኝ፤ መዳፉ ላብ በላብ ነበር። ከዚያ ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። "ነፃ ነው" አለች። "ልጅሽ ነፃ ነው።"

ጮኽኩ። ልጄ ደንግጦ አብሮኝ ጮኸ። ባለሳጥኑ ምንም ድምፅ ሳያወጣ ግንባሩን ልጁ ሆድ ላይ ደፋ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስተር እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ገና እንዳላለቀ አስረዳችን፤ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እንዳጠባው፣ ሽሮፑን እንደምንቀጥል፣ ጡት ከተወ በኋላ የመጨረሻው ምርመራ እስኪደረግ ድረስ በየጊዜው እንደሚታይ።

"እስክሪብቶ ይኖርሻል?" አላት ባለሳጥኑ ቀና ብሎ፣ ዓይኑ እንደቀላ። "ሽሮፑ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ቢተፋው ይደገማል? እሷስ ስትታመም ክኒኑን እንዴት ነው? ቀጠሮው ቀን ሥራ ቢበዛባት እኔ ልወስድላት እችላለሁ? ሌላ ልጅ ብንፈልግስ?"

"ኧረ ቀስ በል!" አለች ሲስተር።

በሩ ተንኳኳ። "የእኛም ልጆች ሰዎች ናቸው!" አለች ከውጭ አንዷ እናት። እሱ አልሰማም፤ የመዳፉ ባዶ ቦታ አልቆ ክንዱ ላይ መጻፍ ጀምሯል። ስሙን እንኳ ለመጥራት ስፈራው የኖርኩትን ነገር ጮክ ብሎ፣ እየተንተባተበ፣ አንዱን ጥያቄ በአንዱ ላይ እየደረበ ይጠይቃል። ዝም በል ብዬ በጽሑፍ የለመንኩት ሰው አላቆም አለ። እኔም ልጄን ታቅፌ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እንዳያቆም ብቻ ፈለግኩ።